የፎገራ ረግረግ የገበሬ መንደር፤ ታሪኩና ለትምህርት ዕቅድ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገጠር መንደር ሥዕል ሲሣል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይቀርባል። ጎጆው ከኮረብታ ጥግ ተቀልሶ፣ በሬው ተጠምዶ፣ ጤፉና ገብሱ በክረምት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ይታያል። ይህ ሥዕል ለብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገር እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ጎንደር ምዕራባዊ ወገን፣ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ጀምሮ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ሕዝብ ኑሮ በዚህ ሥዕል ውስጥ አይገኝም። በዚያ ገበሬው ዓመቱን የሚቆጥረው በውሃው መምጣትና መሸሽ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፎገራ ረግረግ ላይ የሚገኝ የአንድ ትንሽ የገበሬ መንደር ኑሮ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ያህል እንዴት እንደተለወጠ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጡት በፎገራ ወረዳ የምትገኘው ሻጋና በአጎራባቹ በደራ ወረዳ የምትገኘው ጅግና ናቸው። የሁለቱም ስም በአገራችን የሩዝ እርሻ ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ የሚነሣ ነው። በነዚህ መንደሮች ከላይ የወረደው ዕቅድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሷል፤ በዕቅዱ አማካይነት የገባው ዘር ግን በገበሬው እጅ ቀርቶ ሜዳውን በሙሉ ለውጧል። ለውጡም ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ትርፉንና ኪሳራውን አንድ ላይ የማያውቅ ትምህርት ቤት የሚያስተምራቸውን ልጆች ኑሮ ሊያውቅ አይችልም።

ጉዳዩ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚያስተምሩ መምህራንም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ረግረጉን የሚሞላው ውሃና ደለል ከጉና ተራራ የሚወርድ ነው፤ ከደጋውም ወደ ሜዳው ለሥራ የሚወርድ ሰው አለ። ስለዚህ የሁለቱን አገር ታሪክ ለያይቶ ማስተማር የውሃውን መንገድ ከመካከል እንደ መቁረጥ ይቆጠራል።

የመሬቱ አቀማመጥና የውሃው መንገድ

የፎገራ ሜዳ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በተለመደው የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ክፍፍል መሠረት ወይና ደጋ ይባላል። ክፍፍሉ ስሕተት ባይሆንም ስለ መንደሩ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ በዚሁ ከፍታ የሚገኝ ተዳፋት መንደርና ይህ ረግረግ መንደር በአንድ ስም ይጠራሉና። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አንጻር ሲታይ ሜዳው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛ ረባዳ ነው።

ሜዳውን የሠሩት በተለይ ሁለት ወንዞች ናቸው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ በመፍሰስ ጣና ይገባሉ። ከፋርጣና ከእስቴ ተዳፋት የታጠበው አፈር በነዚህ ወንዞች ተሸክሞ ሜዳው ላይ ይራገፋል። የጋይንትና የስማዳ ውሃ ግን አብዛኛው ወደ በሽሎ፣ ወደ ዓባይና ወደ ተከዜ ሸለቆዎች የሚወርድ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ጉና ግርጌ ቢወጣ፣ በአንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ እንዴት ወደተለያየ አገር እንደሚጓዝ ያለ ካርታ ለማስረዳት ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ይወጣሉ። በክረምቱ መጨረሻ ሐይቁም ስለሚሞላ ውሃው በቀላሉ መውጫ አያገኝም፤ ሜዳው ላይ ተንጣሎ ይቆያል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሲረጥብ አብጦ ውሃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ከዚህ የተነሣ በክረምት በእግር መሄድ የሚያስቸግረው ሜዳ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ደረቅ መሬት ይሆናል። ሐይቁ ወደ ኋላ ሲል የሚገለጠውን እርጥብ መሬት የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ባሕር ሸሽ ለዘር የሚፈለግ መሬት ነው፤ ወሰኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ግን የክርክር ምክንያት ይሆናል።

ከሩዝ በፊት የነበረው ኑሮ

የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በአገራችን ታሪክ ሥፍራ ያለው ነው። በ1543 እ.ኤ.አ. የአሕመድ ግራኝ ጦር የተሸነፈበት የወይና ደጋ ጦርነት የተደረገው ከጣና በስተምሥራቅ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ቤተ መንግሥት በእንፍራንዝ አጠገብ ከሜዳው በላይ ቆሞ ይታያል። የነገሥታቱ ታሪክ ስለ ጦርና ስለ ቤተ መንግሥት ብዙ ሲናገር ስለ ረግረጉ ገበሬ የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለሆነም የመንደሩን ታሪክ ከአፈሩ፣ ከከብቱና ከአዝመራው ማንበብ ግድ ይላል።

ከሩዝ በፊት የመንደሩ ሀብት ከብት ነበር። የፎገራ ከብት በሚል ስም የታወቀው ዝርያ ሰውነቱ ግዙፍ፣ መልኩ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ሲሆን፣ በወተቱና በእርሻ ጉልበቱ የተመሰገነ ነው። ዝርያው ረግረግ መሬትን የለመደ ነው። በክረምት ውሃው ሲመጣ ከብቱ ከፍ ወዳለው ሥፍራ ይወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ለምለሙን ሣር ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በበጋ ከአጎራባች ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርድ ከብትም በዚሁ ሜዳ ይሰማራ ነበር። የግጦሹ መሬት የወል በመሆኑ መሬቱ የጠበበበት ቤተሰብ እንኳ ላም ለማርባት ይችል ነበር።

እርሻው ውሃ እስኪሸሽ ድረስ ይጠብቅ ነበር። ውሃ የተኛበት ማሳ በክረምት ምንም አያበቅልም። ከመስከረም በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ጤፍ፣ ዳጉሳና ኑግ ይመረታል። በዚህ ሥርዓት ጓያ የመጨረሻ መጠጊያ ነበር፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ አይጠፋም። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ያለ ሌላ እህል ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ በውስጡ አለ። ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በደምብያና በፎገራ ገጠሮች ይህ በሽታ ምን ያህል ተሠራጭቶ እንደነበር አሳይቷል። ሽባ ሆነው የቀሩት ሰዎች ባለፈው የችግር ዘመን ስለተከፈለው ዋጋ በአካላቸው የሚመሰክሩ ናቸው።

ሩዝ እንዴት ገባ

በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከ1971 ዓ.ም. በኋላም ማልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች የተከፈሉ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መደራጀት ጀመሩ። በሻጋና በጅግናም እንዲህ ያሉ ማኅበራት ተመሠረቱ።

በሜዳው ላይ ከጥንት ጀምሮ በራሱ የሚበቅል የዱር ሩዝ ነበር። ይህም መሬቱ ለሩዝ እንደሚስማማ አመላካች ሆኗል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነዚሁ ማኅበራት የሩዝ እርሻን አስጀመሩ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያች መንደር ነው። እንግዲህ ሩዝ ወደ መንደሩ የገባው በመንግሥት ዕቅድ፣ በውጭ አገር ባለሙያና በጋራ ማሳ ላይ ነበር ማለት ነው። ገበሬው ከነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አልመረጠም። እህሉም ቢሆን ለገበታው እንግዳ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ገበሬዎች የአምራቾች ማኅበራትን አፈረሱ፤ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። ሩዝም ከማኅበሩ ጋር ሊጠፋ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ዘሩ በአንዳንድ ገበሬዎች ጎተራ ቀረ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የግብርና ባለሙያዎች ሰብሉን እንደገና ማስተዋወቅ ሲጀምሩ ያገኙት ባዶ ሜዳ አልነበረም። የሩዝን ጠባይ በማኅበሩ ዘመን የተማረ፣ ዘሩን የሚያውቅ ገበሬ ነበር።

ሩዝ ከዚያ በኋላ በፍጥነት የተስፋፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ የማይሆን ሲሆን ለሩዝ ግን ይስማማል። ገበሬው በሰኔ ዘሩን በትኖ፣ የማሳውን ዙሪያ በአፈር ድልድል አጥሮ፣ የጎርፉን ውሃ በማሳው ያቆየዋል። ሩዙ ሲታጨድ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። ስለዚህ ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ያመርት የነበረው ማሳ ሁለት ጊዜ ማምረት ጀመረ። ጠላት የነበረው ጎርፍ የእርሻው መሣሪያ ሆነ።

የቤት እመቤቶችም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ሩዝን ከጤፍ ዱቄት ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት፤ ለጠላም አዋሉት። በዚህ መንገድ እንግዳው እህል የአገር ምግብ ሆነ። ገለባው ለከብት መኖ ሆነ። በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተከፈቱ፤ ነጋዴውም መጣ። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በቻይና ዕርዳታ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተጠናቀቀው የወረታ–ወልድያ መንገድ የፎገራን ሩዝ በጋይንት በኩል ወደ ወሎ ለማድረስ አመቺ ሆኗል።

የምርምር ተቋማት የተከተሉት ገበሬው ከቀደመ በኋላ ነው። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጉማራ፣ ኮኪትና ትግአቤ የተባሉ ዝርያዎችን አወጣ። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የሩዝ ልማት ስትራቴጂ ተዘጋጀ፤ ኋላም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በፎገራ ተቋቋመ። ከወጡት ዝርያዎች አንዱ ሻጋ ተብሎ ተሰይሟል። ጅግና ቀደም ብላ ለአንድ ዘር ስሟን እንደሰጠች፣ ሻጋም እንዲሁ ሰጠች።

የተገኘውና የታጣው

ትርፉን ለመቁጠር አያስቸግርም። ቀድሞ የምግብ እጥረት ይታይበት የነበረ አካባቢ እህል ሻጭ ሆኗል። ሩዝ ከገባ በኋላ በሞተር ፓምፕ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረትም ተስፋፍቷል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። በሩዝ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ያገኛሉ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች እንደመሆናቸው መጠን፣ ለነዚህ ወረዳዎች ገበሬ በአቅራቢያ ሥራ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ኪሳራው ግን በአንድ ወቅት አይታይም፤ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያ የጠበበው የወል ግጦሽ ነው። ረግረጉ ለሩዝ ሲታረስ ከብቱ የሚወርድበት ሜዳ ተቆረጠ። የፎገራ ከብት ቁጥሩ ቀነሰ፤ ከሌላ ዝርያ ጋርም ተደባለቀ። በባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ሲሠራ መቆየቱ የአደጋውን ክብደት ያስረዳል። የወል ግጦሹ ሲጠፋ በተለይ የተጎዳው መሬት የሌለው ወይም የጠበበው ቤተሰብ ነው፤ ላሙን የሚያሰማራበት አጥቷልና።

በሁለተኛ ደረጃ የተጎዳው ረግረጉ ራሱ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ውሃ አዘል ሥፍራዎች በየዓመቱ ከሩቅ አገር የሚመጡ ቁራሌዎችንና ሌሎች አእዋፍን የሚያስተናግዱ ናቸው። አምባዛ የተባለው ዓሣ በጎርፍ ወቅት ወደ ሣራማው ሜዳ ወጥቶ ይራባል። በእርሻና በፓምፕ ምክንያት እነዚህ ሥፍራዎች እየጠበቡ ሄደዋል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ አረምም ወደ ፎገራ ዳርቻ ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አርቢውን አስቸግሯል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን አረሙን ብቻውን አያቆመውም።

በሦስተኛ ደረጃ ከጉና የሚወርደው ደለል የወንዞቹን ወለል እየሞላ ጎርፉን አስቸጋሪ አድርጎታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። መጠኑን ያለፈ ጎርፍ ሩዝንም ይዞ ይሄዳል። በእስቴ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን በረግረጉ መንደር የሚሠራ ግድብ ያህል ዋጋ አለው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታና ዕውቀት

የውሃ ዳር መንደር ታሪክ ያለ ወባ ታሪክ አይሟላም። ከጣና በስተሰሜን በምትገኘው በደምብያ በ1945 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የረግረግ አገር በሽታ ለአገሪቱ አንድ ታላቅ የትምህርት ተቋም አስገኘ ማለት ይቻላል።

ሌላው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰዎች በትኩሳት እየመነመኑ ሲሞቱ ሕመሙ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። የወባ መድኃኒት ግን አላዳነም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሽታው ካላ-አዛር መሆኑ ታወቀ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታከሙ። በሽታው ለሥራ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። በኋላ የተደረገ ጥናትም በግራር ዛፍ ሥር ማደር ከአደጋው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አመልክቷል። ለሥራ ከጋይንት ወይም ከስማዳ ወደ ቆላ የሚወርድ ወጣት ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ሕይወቱን ሊያድን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ዕውቀት በጤና ባለሙያ እጅ ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ ወደ ክፍል ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

የመንደሩ የሥራ ዓመትና ትምህርት ቤቱ

ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል። በመስከረም ረግረጉ መንደር ገና በውሃ ተከቧል፤ ሕፃናት ጭቃና ወንዝ ተሻግረው መድረስ ያስቸግራቸዋል። በጥቅምት ሩዙ ፍሬ ሲይዝ ወፍ የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ይደርሳል። ከጥር እስከ ሚያዝያ የሽንኩርቱ ማሳ ውሃ ማጠጣትና መኮትኮት ይፈልጋል። ስለሆነም ቀድሞ በበጋ የተሻለ ነፃነት የነበረው የገበሬ ልጅ አሁን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለበት። ሩዝ ቤተሰቡን ሲያጠግብ የልጁን ጊዜ ወስዷል። የቀሩ ተማሪዎችን ስም ብቻ የሚመዘግብ ርእሰ መምህር የወላጅን ግዴለሽነት ያይ ይሆናል፤ የመንደሩን የሥራ ዓመት ጎን ለጎን የሚመዘግብ ግን የሰብሉን ሥርዓት ያያል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። የተቋረጠውን ትምህርት ለማካካስ የሚወጣ ዕቅድ ሁሉ የሰብሉን ወቅት ካላገናዘበ ሁለተኛ ኪሳራ ያስከትላል።

ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር የማዛመድ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1963 እና በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለሰፊው የገጠር ሕዝብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መምህራንና ወላጆች ግን አጥብቀው ተቃወሙት፤ የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ይደረጋል የሚል ሥጋት አድሮባቸው ነበርና። ተቃውሞው ለ1966ቱ ንቅናቄ አንዱ ምክንያት እስከ መሆን ደርሷል። ከዚህ የምናገኘው ማስጠንቀቂያ አለ። የረግረጉን ልጅ ስለ ረግረጉ ማስተማር ማለት በረግረጉ ውስጥ እንዲቀር መወሰን ማለት መሆን የለበትም። ሩዝና ጎርፍ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ሳይንስና ወደ ታሪክ የሚያስገቡ በሮች ሆነው ሊያገለግሉ ይገባል። የትምህርቱ ደረጃ ግን ከከተማው ልጅ ማነስ የለበትም።

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

ሀ/ በየጉድኝት ማዕከሉ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች የአካባቢያቸውን የሥራ ዓመት በወር በወር መዝግበው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። ክልሉ የትምህርት ካላንደር ሲያወጣ ለረግረግ ቀበሌዎች የመክፈቻውንና የፈተናውን ጊዜ ማስተካከል የሚቻልበት መነሻ ይህ መዝገብ ነው።

ለ/ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ክፍፍል ሲሰጥ የውሃና የአፈር ጠባይም አብሮ ይታይ። የጉና፣ የርብ፣ የጉማራና የጣና ግንኙነት ለላይኛውም ለታችኛውም አገር ተማሪ የጋራ ትምህርት ይሁን።

ሐ/ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ ሲሠማሩ የተመደቡበትን መንደር ታሪክ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቀው እንዲጽፉ ይደረግ። ለማኅበሩ ዘመን የዓይን ምስክር የሆኑት ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ማጠቃለያ

የፎገራ ረግረግ መንደር በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከከብት ወደ ሩዝ፣ ከወል ግጦሽ ወደ ተከፋፈለ ማሳ፣ ጎርፍን ከመሸሽ ጎርፍን ወደ መጠቀም ተሸጋግሯል። ለውጡን ያስጀመረው የመንግሥት ዕቅድ ነበር፤ ያጸናው ግን ዘሩን ከማኅበሩ ፍርስራሽ አንሥቶ በገዛ ማሳው የዘራው ገበሬና እህሉን እንጀራ ያደረገችው ባለቤቱ ናቸው። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሣሩን ያጡ ከብቶች፣ የጠበበው ረግረግና ከክፍል የቀሩት ልጆች ናቸው። ከብቱንና ረግረጉን ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ከትምህርት ባለሙያ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በጥቅምት ወር ወፍ ሊጠብቅ የቀረውን ልጅ ወደ ክፍሉ መመለስ ግን የእኛ ሥራ ነው።